መርዶ ያልደረሰበት ቤት

በነቀምት በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች ዳግም መገናኘት ላይ የቀረበ ንግግር

 ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛችሁ እዚህ ስለደረሳችሁ ነቀምት «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ትላችኋለች። እኔም የጨለለቂ ነዋሪ እንደመሆኔ ባለቤት ነኝ፤ እንግዳ አይደለሁም። ስለዚህ ትንሽ ብዘረዝርባችሁ ቅር አይበላችሁ።

አስተባባሪ ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ ስለ ተሰዉ ወታደሮችና ስለ ቤተሰቦቻቸው መሥዋዕትነት እንድናገር ነው። በእንዲህ ያለ መድረክ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻማ ይበራል፣ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፣ «ስማቸው ከመቃብር በላይ ነው» ይባላል፣ ከዚያ ወደ ምሳ እንሄዳለን። ይህን አልቃወምም፤ ሻማውም ይብራ፣ ጸሎቱም ይደረግ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ከሻማው ስለሚቀድም ነገር ነው። ስለ መርዶ ነው የምናገረው። የተሰዋ ወታደር የመጀመሪያ ክብሩ ቤተሰቡ መሞቱን በወጉ እንዲረዳ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ደግሞ የጦሩ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ጫፍ በእኛ በሐኪሞች እጅ ነው ያለው።

እስቲ ከራሳችን ስም ልነሳ። አብዛኞቻችን ያደግነው በጥቁር አንበሳ ኮሪደር ውስጥ ስንሮጥ ነው። በሌሊት ተረኛነት፣ በጠዋት ራውንድ፣ ካርድ ክፍል በር ላይ ስንለማመጥ፣ ስሙን በቀን ስንት ጊዜ እንጠራው ነበር! ሆስፒታሉ መጀመሪያ የተሠራው ለልዑል መኮንን መታሰቢያ ተብሎ ነው፤ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። «ጥቁር አንበሳ» የሚለው ስም ግን ከዚያ በፊት የሰዎች ስም ነበር። የወጣት ወታደሮችና የምሁራን ማኅበር ስም ነበር፤ ታሪኩም የዚህ የወለጋ ታሪክ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ በስዊድን መኮንኖች ሲሠለጥኑ የነበሩት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወደ ምዕራብ አፈገፈጉ። እዚህ ሲደርሱ ውጭ አገር ተምረው ከመጡ ጥቂት ወጣቶች ጋር ተገናኙና ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ ማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ሐኪም ናቸው። እንግሊዝ አገር የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ። (የእንስሳት ሕክምና ጓዶቻችን እዚህ ላይ ማጨብጨብ ትችላላችሁ፤ እኛ የሰው ሐኪሞች ይህን ታሪክ ቶሎ አንናገርም።) ተማሪዎቹን ያዘዙት ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብ ነበሩ። የወለጋው ልጅ ይልማ ዴሬሳም፣ ኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት፣ ከአባላቱ አንዱ ነበሩ።

አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ነበራቸው። የጦሩ አመራር ለፖለቲካው አመራር ይታዘዛል፤ ገበሬ አይበደልም፤ ምርኮኛ አይንገላታም፤ አገር ጥሎ መሰደድ የተከለከለ ነው። አስቡት፤ መንግሥት በፈረሰበት፣ ንጉሡ በተሰደዱበት፣ ስንቅ በሌለበት ወር ውስጥ ቁጭ ብለው «ገበሬ አይበደልም» ብለው የጻፉ የሃያ ዓመት ልጆች ናቸው።

ሰኔ 19 ቀን ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምት ብዙም በማይርቀው ቦነያ አረፉ። የመጡት የአካባቢውን ባላባቶች አግባብተው ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። ከመጡት ውስጥ የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙበታል። የሆለታ ልጆች በሌሊት ከበቧቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከቡድኑ ተርፈው የወጡት አባ ማሪዮ ቦሬሎ የተባሉ ሚሲዮናዊ ቄስ ናቸው። እዚህ ላይ ታሪኩን አላሳምረውም። በዚያን ጊዜ የወለጋ ሕዝብና መኳንንቱ በአንድ ልብ አልነበሩም፤ ጥቁር አንበሶችን በጥርጣሬ ያየ ብዙ ነበር፣ ምክንያትም ነበረው። በጣሊያን በኩል ደግሞ የሞቱት ሰዎችም እናት ነበራቸው።

እኔን የሚያስገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያን ለሞቱባት ሰዎች የወርቅ ሜዳይ ሰጠች። ሲሲሊ ውስጥ ኮሚዞ በምትባል ከተማ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ለረዥም ዘመን የማሊዮኮን ስም ይዞ ኖሯል። ቦነያ ላይ የሞተ ሰው ስም በሲሲሊ ሜዳ ላይ ተጽፎ መንገደኛ ያነበው ነበር። ከሆለታ ተማሪዎች ውስጥ በየጫካው የቀሩትን ግን ለእናቶቻቸው ማን ነገራቸው? ወታደር የላከ መንግሥት ራሱ ስደት ላይ ነበር። ሬጅስትራር የለም፣ ፖስታ የለም። ያንን መርዶ የተናገረ ካለ በእግሩ የተመለሰ ጓደኛ ነው፤ ያልተመለሰ ጓደኛ ደግሞ ምንም አይናገርም።

ከጥቁር አንበሶች ሁለቱን በተለይ ላንሳ፤ ምክንያቱም የእኛ ሙያ ልጆች ናቸው። ዮሴፍና ቢንያም ወርቅነህ ይባላሉ። አባታቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገብተው ህንድ አገር ያደጉት፣ ላሆር ላይ ሕክምና የተማሩት፣ ዘመናዊ ሕክምና የተማሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም። የሁላችንም ታላቅ ማለት ናቸው። ጦርነቱ ሲመጣ በሎንዶን የኢትዮጵያ ዋና መልእክተኛ ነበሩ። ልጆቻቸው እዚህ ምዕራብ ከጥቁር አንበሶች ጋር ዘመቱ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ሲከበቡና እጅ ሲሰጡ ከእርሳቸው ጋር የነበሩት ጥቁር አንበሶችም ተያዙ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በመጣው ጭፍጨፋ ሁለቱም የወርቅነህ ልጆች ተገደሉ። በዚያው ሰሞን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ፈቃደ ሥላሴም ተገደለ። ሁለቱም አባቶች እንግሊዝ አገር ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ እዚያው በስደት አረፉ።

የሐኪም ወርቅነህን ነገር ሳስብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እኚህ ሰው በሕይወታቸው ስንት ቤተሰብ አስቀምጠው «አልተረፈም» ብለው ነግረዋል? ሙያችን ነውና ብዙ ጊዜ ነው። የራሳቸው ልጆች ሞት ግን አስከሬን በሌለበት፣ መቃብር በሌለበት፣ ለቅሶ የሚቀመጥ ጎረቤት በሌለበት አገር ነው የደረሰባቸው። ሐኪም መሆን ከዚህ አያድንም።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። በኮሪያ ጦርነት ከስድስት ሺህ በላይ የቃኘው ዘማቾች ሄደው 122ቱ ሞተዋል፣ 536ቱ ቆስለዋል፣ አንድም አልተማረከም። ይህን ቁጥር በቃላችን የምናውቀው ለምንድን ነው? ተመዝግቦ ስለተያዘ ነው። ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መቃብር ያረፉት ኢትዮጵያውያን ሁሉ አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሷል። ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል እስከ ዛሬ ይሰጣል። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው። በ1940ዎቹ፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ ከዓለም ወዲያ ማዶ ተቻለ።

በ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከየቀበሌው የተጫኑት ልጆች ግን ሌላ ናቸው። ግንቦት 1983 ያ ጦር ሲፈርስ መዝገቡም አብሮ የፈረሰ ያህል ነው። ስንቱ በእግሩ ወደ ሱዳን ገባ፣ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ የ1990ው የባድመ ጦርነት መጣ። ከዚያ ደግሞ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም ድረስ የሆነውን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ብዙዎቻችሁ በየሆስፒታሉ እጃችሁ በደም እየታጠበ አልፋችሁበታል። ወለጋ ራሷ ባለፉት ዓመታት ያየችውንም አልዘረዝርም። በዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ስለነዚህ ጦርነቶች አንድ ዓይነት ሐሳብ የለንም። አንድ ዓይነት ሐሳብ እንዲኖረን አልጠይቅም። እኔ ዘንድ ከሚመጡ እናቶች አንዷ አንድ ልጇ መከላከያ ነው፤ ሌላኛው የት እንዳለ ስጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። ለሁለቱም ነው የምትጾመው።

አሁን ወደ መርዶ ልመለስ። መርዶ በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም፤ ግን አንድ ጊዜ እንደ ሐኪም እንየው። ሰው በሩቅ ይሞታል። ወሬው መጀመሪያ ለቤተሰቡ አይነገርም፤ ለአንድ ብስል ዘመድ ወይም ለንስሐ አባት ወይም ለዕድሩ ዳኛ ይነገራል። እነሱ ይመክራሉ። ልበ ደካማ ማን አለ፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ማነው ብለው ያጣራሉ። ከዚያ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ። አልቃሽ ይኖራል፣ ያዥ ይኖራል፣ ውኃ የያዘ ይኖራል። ድንኳን ይተከላል። እኔ በሕክምና ትምህርት ቤት «መጥፎ ዜናን እንዴት መንገር እንደሚቻል» የሚል ትምህርት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተምሬያለሁ፤ ከውጭ የመጣ ነበር፣ ደረጃ ደረጃ ያለው። አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሠርተውት ነበር። እንዲያውም የነሱ የተሻለ ነው፤ ነግሮ ወደ ሌላ በሽተኛ የሚሮጥ የለማ። እስከ ሠልስት አብረው ይቀመጣሉ።

ለዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ ርግጠኛ የሆነ ወሬ። ያለሱ ማንም አፉን አይከፍትም። «በቁሙ ያለ ሰው አረዳችሁ» ከመባል የከፋ ነውር የለምና።

የወታደር ቤት የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት እናት ወደ ተመላላሽ ክፍል መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ቢሆን ነው። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እህል አልበላም» ይላሉ። ካርዳቸው ወፍራም ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የጨጓራ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ጨርሰዋል፣ በኢንዶስኮፒ ታይተዋል፣ ታይሮይድ ተመርምረዋል፣ አንድ ቦታ ኤምአርአይ ሁሉ ታዞላቸው በገንዘብ እጦት ቀርቷል። ያዘዛቸውን ሐኪም አልወቅስም፤ ሁሉም እንደ ደንቡ ነው። ስመረምራቸው ከቀሚሳቸው ስር ሁለት ስልክ አገኘሁ። አንደኛው ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ የድሮ ስልክ።

«እማማ፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኳቸው በኦሮምኛ።

«እሱ የሚያውቀው ቁጥር በዚህ ነው፤ ቢደውልስ?» አሉኝ።

ልጃቸው ወታደር ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀን በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ሌሊት ስልኩን ጆሯቸው ስር አድርገው ነው የሚተኙት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቻርጅ ፍለጋ ሰፈር ይዞራሉ። ቤተ ክርስቲያን ለነፍሱ ጸሎት ማስያዝ ፈርተዋል፣ ለጤናው ማስያዝም ፈርተዋል። አብሮት የነበረ አንድ ልጅ በእረፍት መጥቶ ለጎረቤት ነግሯል ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የዕድሩም ዳኛ ሰምተዋል። ግን ወረቀት የለም። ወረቀት ስለሌለ የሚያረዳ የለም። ሰፈሩ እሳቸውን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እሳቸው ደግሞ ያንን ዝምታ ያያሉ። በሽታቸው ያ ነው። ጨጓራ አይደለም።

ፖሊን ቦስ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ አብራሪዎችን ሚስቶች ሲያጠኑ ይህንኑ አይተዋል። አካሉ የሌለ ሐሳቡ ግን ቤቱን የሞላ ሰው። ለዚህ ዓይነቱ እጦት ስም አወጡለት፤ በእኛ ቋንቋ ብንለው «ያልለየለት እጦት» ማለት ነው። የደረሱበትም ሴቶቹ ደካሞች ስለሆኑ ሳይሆን ነገሩ ራሱ መቋጫ ስለሌለው ነው የሚታመሙት የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው የተራዘመ ሐዘንን እንደ አንድ ሕመም ሲመዘግብ ቢያንስ ስድስት ወር ያለፈው መሆን አለበት ይላል። ጥሩ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምቆጥርላቸው? ለእኚህ እናት ሐዘኑ ገና አልጀመረም። እየሞተባቸው ያለው በየቀኑ ነው።

ስለ ወታደር ሚስት ደግሞ ትንሽ ልበል፤ በእንዲህ ያለ ንግግር ሁልጊዜ የምትዘለል እሷ ናትና። ማዋለጃ ክፍል የሠራችሁ ታውቋታላችሁ። አብሮሽ ማን መጣ ስትባል ጎረቤቷን ታሳያለች። ባልሽስ ስትባል «ግዳጅ ላይ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም፣ መናገርም አይፈቀድላትም። ካምፕ በተዛወረ ቁጥር ትዛወራለች፤ ልጆቿ በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ትምህርት ቤት ይቀያይራሉ። ደመወዙን በውክልና ትቀበላለች። ልጁ አባቱን በስልክ ድምፅ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ውክልናው ይቆማል። ለምን ቆመ ብላ ስትጠይቅ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ትላካለች። መስኮቶቹን በስም አልጠራም፤ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛም ከላይ የተጻፈ ነገር ካልደረሰው ምን ያድርግ። ባሏ ግን ለሷ የሞተው በዚያ ቀን ነው፤ በገንዘብ ያዥ በኩል።

ሕጉ ምን ይላል? የጡረታ ሕጋችን ለሟች ሚስት የጡረታውን ግማሽ ይሰጣል፤ ለልጆችም ድርሻ አላቸው። ለዚህ ግን የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃ ከሌለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ከቁጥር 154 ጀምሮ ያለው ክፍል እንደሚለው አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል። ይህን መንገድ ለአንዲት የሁለት ልጆች እናት ነግሬያት አውቃለሁ። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና «ዶክተር፣ በራሴ ፊርማ ልግደለው?» አለችኝ። እኔ ለዚህ መልስ የለኝም። ፊርማው ከሷ ሳይሆን ከሌላ ሰው መምጣት እንዳለበት ግን ገብቶኛል። መንግሥት የወሰደውን ልጅ መሞቱን መናገር ያለበት ወሳጁ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ፍርድ ቤት በር ላይ ቆማ መናገር የለባትም።

ታዲያ እኛ ምን አገባን? እዚህ ላይ ነው ከርእሱ ትንሽ ወጣ የምለው፣ ግን አልወጣም።

የመቃብር ምዝገባ የሚባለው ነገር በሕክምና ሰዎች በኩል የተጀመረበት ቦታ አለ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፋቢያን ዌር የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንሳይ ግንባር የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቡድን ይመራ ነበር። ወታደር አልነበረም፤ ዕድሜው ስላለፈ አልተቀበሉትም። ቁስለኛ ሲያመላልስ የሞቱት በየማሳው ያለ ስም እንደሚቀበሩ አየ። ቡድኑ በየመቃብሩ የተገኘውን ስም መጻፍ ጀመረ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ማለት ነው፤ ማንም ሳያዛቸው። ከዚያ ደብተር ነው እ.ኤ.አ. በ1917 የእንግሊዝ ግዛቶች የጦር መቃብር ኮሚሽን የተወለደው። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የጦር መቃብር ያየ ሰው ሥራቸውን አይቷል፤ በየራሱ ድንጋይ ላይ ስም፣ ክፍለ ጦር፣ ቀን።

እኛስ? በጦርነት ጊዜ ሬፈራል ሆስፒታል የሠራችሁ ሁሉ የአስከሬን ክፍሉን መዝገብ ታውቁታላችሁ። «ያልታወቀ ወንድ፣ ዕድሜ 25 ገደማ፣ የጥይት ቁስል።» አለቀ። ያን የጻፈው ኢንተርን ሠላሳ ስድስት ሰዓት ያልተኛ ልጅ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ያ መስመር የአንድ እናት ሦስት ዓመት ነው። ግራ ትከሻው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ ወይ? የፊት ጥርሱ ተሸርፏል ወይ? አንገቱ ላይ ማተብ አለ? ክንዱ ላይ ንቅሳት? ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ስልክ ቁጥር? ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃል። እናት ደግሞ ጠባሳውን ታውቀዋለች። በልጅነቱ ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደወደቀ ሳይቀር ትነግራችኋለች።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ውስጥ የሞተ ወታደር የሞት ማስታወቂያ ቅጽ ብዙ ጊዜ ለመጣው አጃቢ ይሰጥና እዚያው ያልቃል። በ2004ቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያለ ማስታወቂያው ግን ቤተሰቡ ምን ይዞ ይመዘገባል? ኮፒው በካርዱ ውስጥ ይቅር። ከዓመት በኋላ ወንድሙ ከነቀምት ተነስቶ መቀሌም ይሁን ደሴ ካርድ ክፍል ሲደርስ የሚያገኘው ነገር ይኑር። ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፤ ለታካሚዎቻችን እንንገራቸው። ስንቶቻችን ነን ይህን አገልግሎት ለአንዲት እናት ጠቁመን የምናውቅ? እጅ አታውጡ፣ አላሳፍራችሁም።

ለመምህሮቻችንም አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ሳለን አስከሬን ክፍል የምንገባው የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ነበር። «ይህ ሰው ማነው?» የሚለው ጥያቄ የፖሊስ ጥያቄ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሥርዓተ ትምህርቱን ስትከልሱ ይህንን የሐኪም ጥያቄ አድርጉልን። መርዶንም አስተምሩ። ከውጭ የመጣውን ደረጃ ደረጃ ብቻ አታስተምሩ፤ የእኛንም ጨምሩበት። የዕድር ዳኛ ጋብዛችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ያስተምራል።

አሁን ወደ ኮሚቴው ሐሳብ ልምጣ፤ ተቃዋሚ መስዬ እንዳልታይ። ከመካከላችን በግዳጅ ላይ ላለፉና ለተሰዉ ወታደሮች መታሰቢያ የእምነበረድ ሰሌዳ ለማቆም ገንዘብ እየተዋጣ ነው። እኔም አዋጥቻለሁ። ሰሌዳው ይቁም። ግን የምለምናችሁ ትልቁን ሰሌዳ ትንሽ እንድናሳንሰው ነው። በሚተርፈው ገንዘብ እዚህ ነቀምት አንድ ክፍልና አንድ ጸሐፊ ለአንድ ዓመት እንቅጠር። ሥራው የወታደር ቤተሰብ ሲመጣ መቀመጥና መጻፍ ነው። የልጁ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ መቼና ከየት እንደተመለመለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀን፣ ጠባሳው፣ ጥርሱ። ከዚያ በየክልሉ ያላችሁ የክፍል ጓዶቼ በሆስፒታላችሁ መዝገብ ታመሳክራላችሁ። እኛ እኮ በየትኛውም ሬፈራል ሆስፒታል ቢያንስ አንድ ሰው አለን። ለመዝናኛ የከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ቀልድ ከመላላክ ሌላ አንድ ሥራ ይሥራ። የሚመለከተውም የመንግሥት አካል ዝርዝሩን ሲጠይቀን በክብር እናስረክባለን። የተገኘ ልጅ ካለ ወሬውን ለእናቱ በስልክ አንነግርም። ለዕድሩ ዳኛ ነው የምንነግረው፤ ከነወረቀቱ። የቀረውን እነሱ ያውቁበታል።

ያኔ ሁለት ስልክ ይዘው የመጡት እናት አሁንም በወር በወሩ ይመጣሉ። የደም ግፊታቸው ተስተካክሏል፣ ሌላው እንዳለ ነው። ዛሬ እዚህ እንደምናገር ነግሬያቸው የልጃቸውን ሙሉ ስምና የቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ጽፌ እንድይዝ ፈቅደውልኛል። በዚህ መድረክ አላነበውም፤ ስሙ የሳቸው ነው። ወረቀቱ ግን እጄ ላይ ነው። የሰሜን ሆስፒታሎች ውስጥ የምትሠሩ ሦስት ጓዶቼ በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ሻይ ሰዓት ላይ እፈልጋችኋለሁ።

የቅጹን ናሙና በሁለት ገጽ አዘጋጅቼ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የጎደለው ካለ ጻፉበት። በተለይ የፎረንሲክና የጥርስ ሕክምና ሰዎች ሁለተኛውን ገጽ እዩልኝ።